እሳት ያልነካው ፋጉሎ

ክላይንሮት፣ ከሽፔሳርት ጫካ ሥር
ኦክቶበር 27 ቀን 1946

ለልጄ ለቬንደሊን፣
እንግሊዝ አገር፣ የምርኮኞች ሰፈር

ስሙን ያወረሰህ የእረኞች አባት ቅዱስ ቬንደሊን ከመንጋው አንዲቱን እንደማይረሳ አንተንም አይርሳህ። እኔ እናትህ ከጉልበቴና ከጥርሴ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው። ጥርሴ እንኳ አያመኝም፣ የለማ!

የዘንድሮውን ጫካ ብታየው ጉድ ትል ነበር። የቡኸ ዛፎቻችን እንዲህ ሲያፈሩ አንተን ከወለድኩ ወዲህ አላየሁም። ፍሬው ረግፎ ረግፎ መሬቱ ከእግር ሥር ቋ ቋ ይላል። ቄሱ ሳይቀሩ ቀሚሳቸውን ሰብስበው እየለቀሙ ነው። አንሶላ ከዛፉ ሥር እንዘረጋለን፣ የተረፉት ወንዶች ወጥተው ቅርንጫፉን ይነቀንቃሉ፣ እኛ ያቺን ሦስት ማዕዘን ፍሬ ከቅጠሉ መሀል ስንለቅም ይመሻል። ቤት ስንመለስ ውሃ ውስጥ እንጨምረዋለን። ባዶው ይንሳፈፋል፣ ፍሬ ያለው ይሰጥማል። እንደ ሰው ነው፣ ባዶው ከላይ ይውላል።

ሚስትህ ኦቲሊ የከተማ ልጅ አይደለች? በመጀመሪያው ቀን ባዶ ባዶውን ለቅማ ከረጢት ሙሉ ይዛ መጣች። ሳቅንባት። አሁን ግን ከኔ ትፈጥናለች፣ እውነቱን ልናገር።

ዘይት ጨማቂው ኪሊያን በከረጢት ፍሬ ዘይቱንም፣ ተጨምቆ የሚቀረውን ፋጉሎም መልሶ ይሰጠናል። ዘንድሮ ከሰል ስላጣ ሳያሞቅ በጥሬው ነው የሚጨምቀው። ዘይቱ ትንሽ ያንሳል እንጂ ጥራቱ ወርቅ ነው። ለልጅህ ለጉንዴል ድንች ጠብሼላት ሳህኑን ላሰችው። አምስት ዓመት ሞላት እኮ። ፎቶግራፍህን እያየች «ይህ ሰውዬ መቼ ነው ከግድግዳው የሚወርደው?» ትለኛለች።

ኦቲሊ በጣም ሰላም ብላሃለች። ሥራ በዝቶባት እንጂ ራሷ ትጽፍልህ ነበር። ሳሙናና መርፌ ብታገኝ ላክልን።

እናትህ ቫልቡርጋ


ኖቬምበር 16 ቀን 1946

ለእናቴ፣

ጤናሽ እንደ ጫካው ፍሬ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ እበላለሁ፣ ጠግቤም አድራለሁ። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል። ከሰፈሩ እየወጣሁ በአንድ እርሻ ላይ አራት ፈረሶች እጠብቃለሁ። አለቃዬ ፔል የሚባል ሽማግሌ ነው፤ ከሰው ይልቅ ከፈረስ ጋር ማውራት ይወዳል፣ የኔን እንግሊዝኛ ከሰማ ወዲህ ደግሞ ባሰበት።

የቡኸውን ወሬ ሳነብ አፌ ምራቅ ሞላ። በብረት ምጣድ ቆልተሽ በኪሴ ትጨምሪልኝ የነበረው ትዝ አለኝ። ትምህርት ቤት እስክደርስ ጭኔን ያሞቀኝ ነበር።

እማዬ፣ ኦቲሊ ከኦገስት ወዲህ አንድ መስመር አልጻፈችልኝም። ሥራ በዝቶባት ነው ብለሻል፣ እሺ። ግን ሌሊት ተኝታ የለም? ብዙ አልጠይቅም፣ ስሟን ብቻ ትጻፍልኝ። ፊደሏን ልይ።

ሳሙናውን ልኬያለሁ፣ መርፌው ከመሀሉ ተሰክቷል። ስትቆርጪ ተጠንቀቂ። የሚፈቀድልን ሃያ አራት መስመር ስለሆነ እዚህ ላይ ላብቃ።

ልጅሽ ቬንደሊን


ዲሴምበር 4 ቀን 1946

ለልጄ ለቬንደሊን፣

የገናን ጾም የሚያስጀምር አምላክ ፍስኩንም ያሳይህ። እኛማ ጾሙን ከገባን ቆየን።

ባለፈው ወር መጀመሪያ ላማችን ተወሰደች። ከየቤቱ የሚሰጥ ኮታ አለ ተባለና ሁለት ሰዎች መጥተው ነዷት። ጉንዴል እስከ ድልድዩ ድረስ ስታለቅስ ሸኘቻት። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይኸው ነው። ወተቷ ቢቀርም የሷ ቀለብ የነበረው ፋጉሎ አለልን። ላም ያወፈረ ሰው ያከሳል? በፊተኛው ጦርነት፣ በ1917ቱ ረሃብ፣ እኔና አባትህ ክረምቱን የተሻገርነው በቡኸ ፋጉሎ ነው። በመጥረቢያ እሰብረዋለሁ፣ ለብ ባለ ውሃ አርሰዋለሁ፣ ጨው ጣል አደርግበታለሁ፣ በቃ። ማገዶው ለድንቹ እንኳ አልበቃም፣ በሱ ላይ እሳት አላባክንም። ዘይቱ ለጉንዴል ነው። ፋጉሎው ለኦቲሊ፣ ቀኑን ሙሉ ጫካ ውስጥ የኮታ እንጨት ስትጎትት ትውላለችና። እኔ በድዴ አልችለውም፣ የኔንም ድርሻ ለሷ ሰጥቻታለሁ።

አንድ ወሬ ልንገርህና ሳቅ። የኪሊያን ባዝራ ሞተች! ያቺ ሆዳም ቀይ ባዝራ። ሰውየው ከያንዳንዳችን ድርሻ ፋጉሎ እየቆነጠረ ያስቀርና እሷን ይቀልብ ነበር አሉ። እንግዲህ አንድ ቀን መንቀጥቀጥ ጀመረች፣ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች፣ በሦስተኛው ቀን ዘጭ። መንደሩ ሁሉ «የድሃ እንባ ነው» ይላል። እኔም አሜን ብያለሁ።

ኦቲሊ ያልጻፈችልህ ቀለም ስለጠፋ ነው። አታስብ። ሻይ ካገኘህ ትንሽ ላክልን፣ ለሆድ ይበጃል።

እናትህ


ዲሴምበር 20 ቀን 1946

ለእናቴ፣

ሰላም ለቤታችን ይሁን፣ በቤቱ ያለ ሰው ካለ።

እማዬ፣ ቀለም የለም ያልሽው በቀለም ጽፈሽ ነው። ሦስቴ አነበብኩት። ሻዩስ የማን ሆድ ታሞ ነው?

ከኔ ጋር የታሰረ ሎታር የሚባል ልጅ አለ፣ ከጎረቤታችን መንደር ነው። እህቱ ስትጽፍለት ኦቲሊን ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ እንዳየቻት ነገረችው። ግድግዳ ይዛ እንደ ሰካራም ትንገዳገድ ነበር ብላ ጻፈች። ሎታር ይህን ሲነግረኝ ዓይኔን አላየም። ሌሎቹም ሰምተዋል። ሚስቶቻቸው የሄዱባቸው ስለበዙ ማንም አይስቅም፣ ትከሻህን መታ አድርጎ ያልፋል። እሱ ነው የገደለኝ።

በግልጽ ጠይቄሻለሁ፣ በግልጽ መልሺልኝ። መጠጥ ጀመረች? ሌላ ሰው አለ? ወይስ አንቺ አባረርሻት? ሳመጣት ጊዜ «ኦክና ቡኸ የማትለይ ምራት» ያልሽው አልጠፋኝም። ምንም ይሁን ምን ንገሪኝ። የማውቀውን ነገር አልፈራም፣ የማላውቀው ነው ያቃጠለኝ።

ቬንደሊን


ጃንዋሪ 6 ቀን 1947

ለልጄ፣

ሦስቱ ነገሥታት በኮከብ የተመሩበት ቀን ነው፣ አንተን ደግሞ ምን እንደመራህ እንጃ። አንተ ደንቆሮ! ሚስትህ እቤቷ አልጋዋ ላይ ናት። የሄደችበት የለም፣ መሄጃ እግር መች አላት?

እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። መሐላዬን አንተ አስፈረስከኝ፣ ኃጢአቱ ባንተ ይሁን። እስከ መኸር እውነትም ሥራ ነበር፤ ከኖቬምበር አጋማሽ ጀምሮ ግን እጇ ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ልትጽፍልህ ተቀመጠች፣ ሦስቱንም ወረቀት ቀዳድዳ እሳት ውስጥ ጣለችው። «ይህን ፊደል ካየ ያብዳል» አለችኝ። ከዚያ ራሷን ያማት ጀመር፣ ብርሃን ማየት ጠላች። ከዚያ ማስመለስ። አሁን ቀጥ ብላ መቆም አትችልም፣ ከአልጋ እስከ ባልዲው ተደግፋ ነው።

ሐኪም አንድ ጊዜ አልፎ ነበር፣ በቀን ሦስት መንደር ያዳርሳል። ዓይኗን ገልጦ አየና «ረሃብ ነው፣ መግቧት» አለ። እኔም እመግባታለሁ። ጠዋት፣ ቀትር፣ ማታ ፋጉሎውን አድቅቄ በእጄ አጎርሳታለሁ። አንገሽግሿታል፣ አፏን ትዘጋለች። «ለቬንደሊን ብለሽ» ስላት ትከፍታለች። እየሰጠኋት እየባሰባት ነው። ስለዚህ ጨመርኩላት።

እውነት ነው፣ ስታመጣት አልወደድኳትም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይላሉ። ወረሰችኝ፣ ምን ላድርግ? አሁን ማታ ማታ ትንፋሿን አዳምጣለሁ። ባሌን ቀብሬያለሁ፣ ወንድምህን ያለ መቃብር አልቅሼለታለሁ፣ እንዲህ ግን ፈርቼ አላውቅም።

ሻዩም ይቅር። ምንም አትላክ። ጸልይ።

እናትህ


ጃንዋሪ 24 ቀን 1947

እማዬ፣

ሰላምታ የለኝም፣ መስመር አላባክንም። ፋጉሎውን አቁሚ! አሁን፣ ይህን ወረቀት ሳታስቀምጪ።

ደብዳቤሽን ጋጣ ውስጥ ቁጭ ብዬ አነበብኩት። ፔል ፊቴን አይቶ «ሰው ሞተብህ?» አለኝ። ሚስቴ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንገዳገዳለች አልኩት። ቃሉን ከአፌ ሳወጣው የኪሊያን ባዝራ ትዝ አለችኝ። አንቺ የጻፍሽው ያው ቃል ነው፣ እማዬ። መንቀጥቀጥ፣ እንደ ሰካራም መንገዳገድ። የባዝራዋንም ነገርኩት።

«ባዝራዋ ምን በልታ ነበር?» አለኝ።

«የቡኸ ፋጉሎ።»

የድርቆሽ መንሹን ከእጁ ጣለ። «ለላም ምንም አይላት። ለፈረስ ግን መርዝ ነው። ልጅ ሆኜ ሁለት ፈረስ እንደዚያ ሲወድቅ አይቻለሁ፣ መጀመሪያ ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል፣ ቀጥሎ እግሩ።»

«ሰውስ?» አልኩት።

«ሰው ፋጉሎ ይበላል እንዴ?» አለኝ።

አስቢ። በ1917 የበላችሁት ጨማቂው በእሳት አሙቆ የጨመቀውን ነው። የዘንድሮው በጥሬው ነው ብለሽ ራስሽ ጽፈሽልኛል። በልጅነታችን ጥሬውን በብዛት ስንበላ ራሳችንን አዙሮን አያስመልሰንም ነበር? አንቺ አይደለሽም በጥፊ መትተሽ «ሳይቆላ አይበላም» ያልሽኝ? ላልተጨመቀው ፍሬ ያስተማርሽኝን ለፋጉሎው ረሳሽው። ያልተጨመቀ ፍሬ ከተረፋችሁ በፈላ ውሃ ለብልቢው፣ ፈልፍይው፣ እስኪሸት ቁይው። ማገዶ ከሌለ ወንበሩን ፍለጪ። በሩን ፍለጪ። እማዬ ፈራሁ። ይህ ወረቀት እስኪደርስ ስንት ጊዜ ታጎርሻታለሽ? በቀን ሦስት ብዬ መቁጠር ጀመርኩና አቋረጥኩት። መስመሩ አለቀብኝ፣ ፋጉሎውን


ፌብሯሪ 16 ቀን 1947

እማዬ፣

ያለፈው ደብዳቤ ደረሰሽ? ወንዞች ቀዝቅዘው ባቡር ቆሟል ይላሉ። ሁለተኛ ጽፌልሻለሁ፣ ይህ ሦስተኛው ነው። ፋጉሎውን አታብዪያት። ለቄሱም ለፖስታ ቤቱም ለኪሊያንም ለየብቻ ጽፌያለሁ፣ አንዱ እንኳ ይድረስ። አንድ ቃል መልሺልኝ።

ቬንደሊን


ማርች 9 ቀን 1947

እማዬ፣

ለሎታር ከመንደሩ ሁለት ደብዳቤ መጣለት። መንገዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ለኔ የለም። ስለ እናንተ ምን ይላል ብዬ አልጠየቅኩትም፣ እሱም አልነገረኝም። ፖስታ የሚያድለው ሰው ስሞች ሲጠራ እዚያ መቆም ትቻለሁ። ጋጣ ውስጥ እቆያለሁ።

ብትቆጪኝም፣ ብትረግሚኝም ጻፊልኝ። የሞተ ሰው ካለም ጻፊልኝ።

ቬንደሊን


ክላይንሮት
ማርች 25 ቀን 1947

ቬንደሊንዬ፣

መልአኩ ለእመቤታችን «አትፍሪ» ባላት ቀን እጽፍልሃለሁና አንተም አትፍራ። ፖስታው ላይ ያለው የእናትህ ፊደል ስላልሆነ ገና ሳትከፍተው እንደምትደነግጥ አውቃለሁ። ማንም አልሞተም። ፊደሌ የተንጋደደው እጄ ገና ስላልተመለሰልኝ ነው። ይህን ገጽ ስጽፍ ሁለተኛ ቀኔ ነው።

የጃንዋሪው ደብዳቤህ የደረሰው ፌብሯሪ 22 ነው። ቄሱ ለሞት የቀረበ ሰው የሚቀባውን ቅዱስ ቅባት ከቀቡኝ ሁለት ቀን ሆኖኝ ነበር። እማማ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው በአንድ እጃቸው ወረቀቱን፣ በሌላው ፋጉሎውን ይዘው አንድ መስመር እያነበቡ አንድ ጊዜ ያጎርሱኝ ነበር። «አቁሚ» የሚለውን ሲያነቡ «ይኸ ልጅ ደግሞ ምን ያዘዋል» አሉ። ስለ ፈረሱ ሲደርሱ ሳቁ። «አብዷል! እኛ ምን ፈረስ አለን?» አሉ። ከዚያ ያንኑ መስመር ደግመው አነበቡ። ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ድንገት ጣታቸውን አፌ ውስጥ ከትተው የጎረስኩትን ጎልጉለው አወጡት። ድዴን ቧጭረውኝ ደምቷል።

የቀረውን ፋጉሎ በሽርጣቸው አቅፈው በረዶው ውስጥ ወጡ። የት እንደጣሉት እስከ ዛሬ አልነገሩንም። ሲመለሱ አባትህ የሠሩትን ረጅሙን አግዳሚ ወንበር ፈልጠው ምድጃ ውስጥ ከተቱት። ለዘር ብለው ጣሪያ ሥር የሸሸጓት አንዲት ከረጢት የቡኸ ፍሬ ነበረች፣ እኔም አላውቅም ነበር። የፈላ ውሃ አፈሰሱባት። ቅርፊቱ ሲለሰልስ እሳቸውና ጉንዴል ተቀምጠው በጥፍራቸው ፈለፈሉ። በብረት ምጣድ ቆሉት። ሽታው ቤቱን ሲሞላው ከስንት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ። በሙቀጫ ወቅጠው ከተቀቀለ ድንች ጋር ለወሱና እንደ ቂጣ ጠፍጥፈው ጋገሩት። ስታኘከው መጀመሪያ ለውዝ ለውዝ ይላል፣ ቆይቶ ቅቤ ይሆናል። ስጡኝ ብዬ እጄን ስዘረጋ እናትህ እጄን መለሱት።

መጀመሪያ ራሳቸው በሉ። ከዚያ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት እያዩ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጡ። እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ ሰዓቱ ሲሞላ «አሁን ብሉ» አሉን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማንኪያ ያዝኩ። ትናንት ግማሽ ባልዲ ውሃ ከጉድጓዱ አመጣሁ። ጉንዴል ጉንጯ ሞልቷል፣ ኪሷ ውስጥ የቡኸ ቆሎ አይጠፋም። «አባባም ልጅ ሆኖ እንዲህ ይበላ ነበር» ብያታለሁ። አንድ ፍሬ ከፎቶግራፍህ ፍሬም ላይ አስቀምጣልሃለች።

እማማ ግን ላንተ መጻፍ እምቢ ብለዋል። ብዕሩን ስሰጣቸው «ምን ብዬ ልጻፍለት? ሚስትህን እያጎረስኩ ልገድላት ነበር ልበለው?» ይላሉ። ያ ክረምት ያለ እርስዎ አያልፍልኝም ነበር፣ በረሃብ እሞት ነበር ብላቸው አይሰሙኝም። ከደብዳቤህ ቀን ጀምሮ በዚህ ቤት እሳቸው ቀድመው ሳይቀምሱ፣ ሰዓቱም ሳይሞላ ማንም ምንም አይበላም። ድንች ቢሆን፣ ዳቦ ቢሆን፣ ከውጭ አገር በእርዳታ የመጣ ወተት ቢሆን። በየቀኑ ሦስት ጊዜ እኔና ጉንዴል ምግቡ ፊታችን እየቀዘቀዘ የእናትህን እጅ ስናይ እንቆያለን። ለምደነዋል ብዬ አልዋሽህም። በያንዳንዱ ጊዜ እፈራለሁ።

ዛሬ ቀትር ላይ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው፣ ቀኝ እጃቸው ተንቀጠቀጠ። በደንብ አየሁት። ጉንዴል ጮኸች። እኔ ተነስቼ ሳህኖቹን ገፍቼ ጣቴን ወደ አፋቸው ስሰድ እናትህ እጄን መትተው መለሱኝና እንዲህ አሉ፦

«አንቺ ምን ሆነሻል? ሰባ አንድ ዓመቴ ነው፤ ሳልበላም ይንቀጠቀጣል። ቁጭ በይና ብዪ!»

ኦቲሊ